ግንቡ ያምራል፤ ካርታውስ?

በጎንደር ነባር ሰፈሮች ሰፊ ቤት የሚገዛ ሰው ሂሳቡን ከግድግዳው ሳይሆን ከወረቀቱ ቢጀምር ይሻለዋል

ጎንደር ውስጥ ነባር ቤት ለመግዛት የወጣ ሰው የሚገጥመው ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ደላላው የብረቱን በር ገፋ አድርጎ ገዢውን ግቢው መሐል ያቆመዋል። በአንድ ጥግ የጽድ ዛፍ፣ በሌላው የኮክ ዛፍ፣ ከኋላ ተርታውን የተሠራ ሰርቪስ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ሰፊ በረንዳ ያለው የድንጋይ ቤት ይታያል። ገዢው ከፍ ያለውን ኮርኒስ ቀና ብሎ እስኪያይ ደላላው ጥቂት ይታገሠዋል። ከዚያ ሦስት ነገሮችን ይቆጥርለታል፤ የግቢውን ስፋት፣ የፒያሳን ቅርበትና የግንቡን ጥንካሬ። ስለ ሰነዱ ሲጠየቅ ግን መልሱ ሁለት ቃል ነው። ካርታ አለው።

ለገበያ ሰው ቁም ነገሩ ያለው በነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠረው ብር የሚከፈለው በአብዛኛው ለቦታው ነው። በሕግ የሚሸጠው ግን ቤቱ ብቻ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑንም ደንግጓል። ገዢው በሚከፍለውና በሚረከበው መካከል ያለው ይህ ክፍተት በሰፊና ነባር ግቢዎች ላይ ከሌላው ቤት ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ የደላላው ቅደም ተከተል መገልበጥ ይኖርበታል፤ መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ ግንቡ፣ መጨረሻ ላይ ዋጋው።

ቤቶቹን ማን ሠራቸው?

በጎንደር ገበያ «የጣሊያን ግንብ» የሚባለው ሁሉ ጣሊያን የሠራው አይደለም። የጣሊያን ጦር ጎንደር የገባው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመጨረሻ ምሽጉ የሆነችውን ይህችኑ ከተማ ያስረከበው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ስድስት ዓመት በማይሞሉ ጊዜያት የከተማዋ አዲስ ፕላን በጌራርዶ ቦዚዮ በተባለው አርክቴክት ተነድፎ፣ ከፋሲል ግቢ በስተሰሜን ፒያሳና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተሠሩ። ፖስታ ቤቱንና ሲኒማ ቤቱን የመሰሉት ሕንፃዎች እስከ ዛሬ የከተማዋ መለያ ናቸው።

ዛሬ በሽያጭ ከሚቀርቡት ሰፋፊ የግል ቤቶች ብዙዎቹ ግን ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ጎንደር የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ነጋዴውም ሹሙም የጣሊያኑን ቪላ አይቶ የራሱን ሠራ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ደግሞ ደመወዝተኛና ተከራይ ወደ ከተማዋ አመጣ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በዚህ መንገድ የተሠራ ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የሲሚንቶ ሊሾ ወይም የጣውላ ወለል፣ ከዋናው ቤት የተለየ ማዕድ ቤትና የሠራተኛ ክፍል ይኖረዋል። ለጣሪያው ማገርና ለመስኮቱ ከደጋው፣ ከወገራና ከዳባት በኩል የወረደ ጽድና ወይራ የገባበትም አለ።

ልዩነቱ ለዋጋ ይጠቅማል። የጣሊያን ሥራ የሆነው ሕንፃ ብዙውን ጊዜ ከግል እጅ የወጣ ነው። «የጣሊያን ግንብ» ተብሎ በግል ስም የሚሸጥ ቤት ሲቀርብ፣ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ በሰነድ መጠየቅ የገዢው መብት ነው።

የ1967 ጥላ

ለነባር ቤት ገዢ ከየትኛውም ዓመት ይልቅ ከባዱ 1967 ዓ.ም. ነው። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተፈቀደ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩ ትርፍ ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ኋላ ቀበሌ ለተባሉት ተሰጡ። ከዚያ በላይ የሚከራዩት ደግሞ በመንግሥት ኪራይ ቤቶች ሥር ገቡ።

የዚህ አዋጅ ውጤት በጎንደር ግቢዎች ውስጥ እስከ አሁን ይታያል። ባለቤቱ ዋናውን ቪላ ይዞ ሰርቪሱ የተወረሰበት፣ ሰርቪሱን ይዞ ቪላው የተወሰደበት፣ በአንድ በር የግልና የቀበሌ ተከራይ የሚገቡበት ግቢ ጥቂት አይደለም። ደላላው ሙሉውን ግቢ በእጁ ከበብ አድርጎ ሲያሳይ ከኋላ ያለው ተርታ የቀበሌ ሊሆን ይችላል። የቀበሌ ቤት ደግሞ አይሸጥም። ለሚለቅ ተከራይ «ማስለቀቂያ» ከፍሎ መጠቅለልም በሕግ ፊት የሚያቆም ሰነድ አያስገኝም።

በዚህ ላይ ቀላል የሆነ የመጀመሪያ ፈተና አለ። በግቢው ውስጥ ያሉት ቤቶች ይቆጠሩ፤ ቀጥሎ በፕላኑና በይዞታ ማረጋገጫው ላይ የተሣሉት ይቆጠሩ። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ የዋጋ ድርድር ገና አልደረሰም ማለት ነው።

ሜዳው ስንት ነው?

ያው አዋጅ ቁጥር 47 ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠውን ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር ወስኖ ነበር። ከዚያ በፊት የተከለለ ግቢ ግን ከዚህ በላይ ሊሆን ይችላል፤ የነባር ሰፈር ቤቶች «ሰፊ» የሚባሉትም በዚሁ ነው። አጥሩ የቆመው በአባት ዘመን ሲሆን ካርታው የተሠራው ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሌላ መሥፈርት ነው። በአጥሩና በካርታው መካከል የቀረው መሬት ባለቤቱ ለዘመናት ጎመን ቢተክልበትም በገበያ ላይ እንደ እርግጠኛ ይዞታ ሊቆጠር አይችልም።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ እንጂ የአንድ የተወሰነ ቤት ዋጋ አይደሉም። ሻጭ 900 ካሬ ሜትር ግቢ ያለውን ቤት 15 ሚሊዮን ብር ጠየቀ እንበል። ደላላው 15 ሚሊዮኑን ለ900 አካፍሎ «ካሬው 16,700 ብር እንኳ አይሞላም፣ ርካሽ ነው» ይላል። ካርታው ሲገለጥ የተጻፈው 500 ካሬ ሜትር ሆኖ ቢገኝ ያው ቤት በካሬ 30,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ቤቱም ግቢውም አልተለወጠም፤ ዋጋው ግን ወደ እጥፍ ተጠጋ።

በመሆኑም ግቢውን በሜትር አስለክቶ ከካርታው ጋር ማመሳከር ለአንድ ቀን ቀያሽ የሚከፈልን ጥቂት ብር ያህል ብቻ የሚያስወጣ፣ የሚያድነው ግን ሚሊዮኖችን ሊሆን የሚችል ሥራ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ይዞታዎች በመሬት ላይ ተለክተውና ተረጋግጠው እንዲመዘገቡ ሥርዓት ዘርግቷል። በዚህ ሥርዓት ወሰኑ የተረጋገጠ ቤት ካልተረጋገጠው የበለጠ ዋጋ ቢጠየቅበት ተገቢ ነው። ገዢው ለሰላም ከፈለ ይባላል።

ስሙ ሲዞር የሚለወጠው

ብዙ ገዢዎች የሚስቱት ሌላው ነጥብ ሻጩ ይዞት የቆየው መብትና ለገዢው የሚተላለፈው መብት አንድ አለመሆኑ ነው። አሮጌ ቤት በአብዛኛው «ነባር ይዞታ» ነው፤ ማለትም ሊዝ ሳይከፈልበት፣ ዓመታዊ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ብቻ እየተከፈለበት የኖረ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግን ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በማናቸውም መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥርዓት እንደሚገባ ደነገገ።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። ከአባቱ የወረሰ ልጅ በነባሩ ሁኔታ ይቀጥላል። ከዚያው ልጅ በሽያጭ የወሰደ ሰው ግን የሊዝ ባለዕዳ ይሆናል። ለመኖሪያ የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው፤ ክፍያውም እንደ ቦታው ደረጃ ከተማው በሚያወጣው መነሻ ዋጋ ላይ ይመሠረታል። ሻጩ «ሰባ ዓመት ስንኖርበት ሊዝ የሚባል አልከፈልንም» ሲል እውነቱን ነው። ያ እውነት ግን ለገዢው አይተላለፍም። ከመፈረሙ በፊት ወደ ከተማው መሬት አስተዳደር ጎራ ብሎ የቦታውን ደረጃና መነሻ ዋጋ፣ በሥራ ላይ ያለውንም የክልሉን ደንብ መጠየቅ የግድ ነው። የተገኘው ቁጥር በየዓመቱ የሚከፈል ወጪ ሆኖ በሂሳቡ ውስጥ ይግባ።

በዚህ ላይ በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ መሬትንና በላዩ ያለን ግንባታ የሚመለከት ነው። ሰፊ ግቢ ከእንግዲህ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የየዓመቱ ወጪም ምንጭ እንደሚሆን አስቀድሞ ማሰብ ብልህነት ነው።

ስንት ወራሽ አለ?

ከስድሳና ሰባ ዓመት በፊት የተሠራ ቤት ዛሬ በሠሪው እጅ አይገኝም። ልጆችና የልጅ ልጆች ይዘውታል። በጎንደር ደግሞ ከእነዚህ አንዱ አዘዞ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ዋሽንግተን፣ አንዱ እስራኤል ሊሆን ይችላል። ለሽያጭ የሚቀርበው ቤት ውስጥ የምትኖረው ታላቅ እህት ብትሆንም ፈርማ ልትሸጥ የምትችለው የራሷን ድርሻ ነው።

ስለዚህ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ተጠይቆ በላዩ የተጻፉት ስሞች ሁሉ በውሉ ላይ መኖራቸው ይረጋገጥ። በውክልና የሚፈርም ካለ ውክልናው ይነበብ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ጉዳዬን ሁሉ እንዲያስፈጽም» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ በኢትዮጵያ ኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ማለፉ ይታይ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወካዩ በሕይወት መኖሩ ይጠየቅ። ሰው ሲሞት የሰጠው ውክልና አብሮት ይቋረጣልና፣ ከአሥር ዓመት በፊት በተሰጠ ወረቀት ዛሬ የሚፈርም ወንድም ሳያውቀው ባዶ ወረቀት ይዞ ሊሆን ይችላል።

ጋብቻም እንዲሁ ነው። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 እንደሌላው የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ ሁሉ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው በባልና ሚስት ስምምነት ነው። ካርታው በአንዱ ስም መሆኑ ብቻውን የሌላውን ፊርማ አያስቀርም።

የመጨረሻው የወረቀት ሥራ የእዳና እገዳ ማጣሪያ ነው። ቤቱ በባንክ መያዣ ተይዞ፣ በፍርድ ቤት ታግዶ ወይም የግብር ውዝፍ ኖሮበት እንደሆነ የሚታወቀው ከይዞታው ማኅደር ነው። ማጣሪያው የሚጠየቀው ውሉ በሚፈረምበት ሰሞን መሆን አለበት። ከስድስት ወር በፊት የተሰጠ ደብዳቤ የትናንቱን እገዳ አያሳይም።

አሁን ወደ ግንቡ

ወረቀቱ ካለፈ ገዢው ግንቡን ማየት ይችላል። እዚህ ላይ ነባር ቤት ከሚታማበት ይልቅ የሚመሰገንበት ይበዛል። በጥሩ ድንጋይ በኖራ ወይም በሲሚንቶ የተገነባ ወፍራም ግድግዳ በቀን ሙቀት፣ በሌሊት ቅዝቃዜ እንዳይገባ ይከላከላል። እንዲህ ያለውን ግድግዳ ዛሬ ለማሠራት የሚጠይቀው የእጅ ዋጋ ቀላል አይደለም። ገዢው ግን ልስኑ የሚሸፍነውን ነገር መለየት አለበት። ድንጋይ በኖራ የተገነባና ድንጋይ በጭቃ የተገነባ ቤት ከቀለም በታች አንድ ይመስላሉ። አንድ ጥግ ላይ ልስኑን ፋቅ አድርጎ ማየት ወይም ከሰርቪሱ ጀርባ ያልተለሰነ ግድግዳ መፈለግ ልዩነቱን ያወጣዋል። ጭቃ ውሃ ሲያገኝ ይለቃል፤ በጭቃ የተያያዘ ግንብ የሚቆመው አሸንዳውና መሠረቱ እስከተጠበቁ ድረስ ነው።

ስንጥቅም ዓይነት አለው። የልስን ፀጉር ስንጥቅ ብዙ አያሳስብም። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሠረቱ መንቀሳቀሱን ያመለክታል። በድንጋያማው ከፍታ ላይ ያለ ቤትና በዝቅተኛው ጥቁር መረሬ አፈር ላይ የቆመ ቤት በዚህ ረገድ አንድ አይደሉም። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል።

ቀጥሎ ኮርኒሱ ተከፍቶ ጣሪያው ከውስጥ ይታይ። ጽድና ወይራ ምስጥን ይቋቋማሉ፤ ኋላ ለጥገና የገባው ባሕር ዛፍ ግን ተበልቶ ሊሆን ይችላል። በእንጨቱ ላይ ቢላዋ ወጋ ሲያደርጉት ዱቄት ካፈሰሰ ጣሪያው በሙሉ ይለወጣል ብሎ ማስላት ይበጃል። የብረት ቧንቧው ከውስጥ ዝጎ ጠቦ እንደሆነ የሚታወቀው ሁለት ቧንቧ በአንድ ጊዜ ሲከፈት ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ ለአንድ አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ የተዘረጋ ከሆነ የእንጀራ ምጣድ አይችልም። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት እንዳለ፣ መቼ እንደተመጠጠ፣ መኪና ሊደርስበት ይችል እንደሆነም ይጠየቅ።

ከሁሉም የሚሻለው መርማሪ ዝናብ ነው። የጎንደር ዝናብ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ ብዙ ቤት ለገበያ የሚታየው ደግሞ በበጋ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው። በጥር ወር ለጥምቀት የመጣ የውጭ አገር ነዋሪ ያየው ነጭ ግድግዳ በነሐሴ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል። ክረምቱን መጠበቅ ያልቻለ ገዢ ቢያንስ በኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ፣ በግድግዳው እግር ላይ የጨው ነጭ ምልክት ይፈልግ።

ከአጥር ውጭ ያለው

ቤት የሚገዛ ሰው አካባቢውንም አብሮ ይገዛል። በጎንደር መጀመሪያ የሚጠየቀው ውሃ ነው። ለከተማዋ ዋና የመጠጥ ውሃ ምንጭ ሆኖ የቆየው የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱ ከከተማዋ ዕድገት ጋር ተደምሮ ውሃ በፈረቃ እንዲመጣ አድርጓል። ሰፊ ግቢ እዚህ ላይ ጥቅም አለው፤ ሮቶ ለማስቀመጥም ሆነ የዝናብ ውሃ ለማጠራቀም ቦታ አይጠፋም። ሆኖም በሰፈሩ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከሻጩ ይልቅ ጎረቤትን መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው መንገድ ነው። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳንና ካዛንቺስን የመሰሉ ነባር ሰፈሮችን መልክ ከለወጠ በኋላ ሥራው ጎንደርን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ተዘርግቷል። አስፋልት ዳር መሆን ዋጋ የሚጨምር መሆኑ እርግጥ ነው። ግን አጥሩ ወደ ኋላ እንዲገባ ወይም ቤቱ እንዲነሣ ሊደረግ የሚችልበትም ቦታ ያው አስፋልት ዳር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለሕዝብ ጥቅም ይዞታ ሲለቀቅ ካሳ የሚሰላው በመሬቱ ላይ ለሠፈረው ንብረት ነው፤ ምትክ ቦታና የመፈናቀያ ድጋፍም አለ። ገዢው ለፒያሳ ቅርበት የከፈለው የገበያ ዋጋ ግን በካሳው ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም። በምሳሌው ቤት ላይ 15 ሚሊዮን ብር የከፈለ ሰው ከዚያ ውስጥ ግንቡ ራሱ ስንት እንደሚያወጣ ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው። ያ ቁጥር ክፉ ቀን ቢመጣ የሚቆምበት ወለል ነው።

ሦስተኛው ቅርስ ነው። ፋሲል ግቢና ሌሎች የጎንደር ዘመን ሐውልቶች በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በአካባቢያቸው መገንባት፣ ማፍረስና ከፍታ መጨመር እንደሌላው ሰፈር አይደለም። አሮጌውን ቪላ አፍርሶ ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል ለማቆም ያሰበ ባለሀብት ፈቃዱን ከከተማው ግንባታና ከቅርስ ባለሥልጣኑ ሳያጣራ በፎቁ ሂሳብ ቤቱን ቢገዛ አደጋው የራሱ ነው። ሕንፃ ለማፍረስም ለመቀየርም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሕንፃ ሕጉ ያዛል፤ መኖሪያን ወደ ንግድ መለወጥም የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ይጠይቃል።

ሂሳቡ

ወደ ምሳሌው ቤት መለስ ይባል። የተጠየቀው 15 ሚሊዮን ብር ነው። ስም ለማዞር የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ፣ ማለትም 300,000 ብር ነው። ለደላላ 2 በመቶ ቢታሰብ ሌላ 300,000 ብር ይሆናል። ጣሪያውን፣ ቧንቧውንና መስመሩን ለመለወጥ 2 ሚሊዮን ብር ቢወጣ ድምሩ 17.6 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። በካርታው 500 ካሬ ሜትር ሲካፈል በካሬ 35,200 ብር ነው። የሊዙ ክፍያ ገና አልተጨመረም።

ቤቱ በወር 60,000 ብር ቢከራይ በዓመት 720,000 ብር ያስገባል። ቤቱ ባዶ ለሚሆንበት አንድ ወር 60,000፣ ለጥገና 75,000፣ ለግብር 85,000 ቢቀነስ 500,000 ብር ይቀራል። ይህ ከወጣው ገንዘብ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባስቀመጠው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ፣ በ7 በመቶ ቢታሰብ፣ ያው 17.6 ሚሊዮን ብር በዓመት 1.23 ሚሊዮን ብር ያስገኝ ነበር።

ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል? መልሱ የብሩ አቅም ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በባንክ ያለ ብር ሲቀልጥ ድንጋይ አይቀልጥም የሚለው አስተሳሰብ መሠረት የለውም ሊባል አይችልም። ቢሆንም ገዢው ምን እየገዛ እንደሆነ ለራሱ በግልጽ ይንገረው። በ3 በመቶ ኪራይ የሚገዛ ሰው ገቢ አይደለም የሚገዛው፤ የነገን ዋጋ ተስፋ ነው። ተስፋው ደግሞ የሚቆመው ነገ ከሱ የሚገዛው ሰው ወረቀቱን ሲመረምር ንጹሕ ሆኖ ካገኘው ብቻ ነው።

ነገ የሚመጣው ገዢ ማን እንደሆነም መታሰብ አለበት። የጎንደር የቤት ገበያ ሦስት ምንጮች አሉት፤ ከመተማና ከሁመራ ቆላ የሚመጣ የሰሊጥ ገንዘብ፣ ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከወገራ ደጋ በእህል ንግድ የተጠራቀመ ጥሪትና የውጭ አገር ነዋሪዎች ምንዛሪ ናቸው። ሦስቱም ሰላምና መንገድ ይፈልጋሉ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ደግሞ በአማራ ክልል የተባባሰው ግጭት የቱሪስቱንም የነጋዴውንም እግር አሳጥሯል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ መገደቡ፣ በኋላ ቢላላም፣ በብድር የሚገዛውን ሰው አሳንሷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚደራደር ገዢ ጉልበት አለው። ያው ሰው ነገ ሻጭ ሲሆን ግን ገንዘቡ በፍጥነት እንደማይመለስለት ይወቅ።

ሻጩም የራሱ ሂሳብ አለው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሕንፃ ሲሸጥ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ ለግል መኖሪያነት ያገለገለን ቤት ነፃ አድርጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ አዋጁ ስለተሻሻለ ሁለቱም ወገኖች ዋጋ ከመቁረጣቸው በፊት በሥራ ላይ ያለውን ከገቢዎች ቢጠይቁ ኋላ «ግብሩን ማን ይክፈል» ከሚል ጭቅጭቅ ይድናሉ። በውሉ ላይ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ለጊዜው ግብር የሚያስቀር ቢመስልም፣ ውሉ ቢፈርስ ገዢው በወረቀት ሊጠይቅ የሚችለው የተጻፈውን ብቻ ነው።

ቀብድ ከመቁጠር በፊት

ድርድሩ የሚሞቀው ደላላው «ሌላ ገዢ መጥቷል» ሲል ነው። ቀብድ ዛሬውኑ ካልተከፈለ ቤቱ ያመልጣል ይባላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 እንደተደነገገው ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ሕጉ ጥሩ ነው። እጥፉን ለማስመለስ ግን የሚከሰሰው ሰው ለመሸጥ ሥልጣን የነበረው መሆን አለበት። ከአምስት ወራሾች ለአንዱ በመንደር ውል የተሰጠ ቀብድ ይህን ጥበቃ አያገኝም ቢባል ይቀላል።

የሽያጩ ውልም በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ የሕጉ አንቀጽ 1723 ያዛል። ስሙ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ እስኪዞር ድረስም ሽያጩ በሦስተኛ ወገኖች ላይ መቃወሚያ እንደማይሆን አንቀጽ 2878 ይናገራል። በመሆኑም ክፍያውን ከፋፍሎ፣ ትልቁን ክፍል ስሙ ሲዞር ለመክፈል መዋዋል የገዢው ዋናው ዋስትና ነው። ይህን አሻፈረኝ የሚል ሻጭ ምክንያቱን ሊጠየቅ ይገባዋል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በቤት ገበያ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም። የምሳሌው ቤት ወረቀቱ ሙሉ፣ ወራሾቹ ሁሉ ፈራሚ፣ ግቢውም በካርታው 900 ካሬ ሜትር ከሆነ 15 ሚሊዮኑ ሊያከራክር ይችላል እንጂ አያስደነግጥም። ካርታው 500 ብሎ፣ ሰርቪሱ የቀበሌ ሆኖ፣ አንድ ወራሽ ሳይፈርም ከቀረ ግን ያው የድንጋይ ግንብ፣ ያው ሰፊ በረንዳ፣ ያው የጽድ ዛፍ በግማሽ ዋጋም ውድ ነው። ሁለቱ ቤቶች በበሩ በኩል ሲታዩ አይለዩም። የሚለዩት በመሬት አስተዳደሩ ማኅደር ውስጥ ነውና፣ ልምድ ያለው ገዢ ጉብኝቱን ከዚያ ይጀምራል።